20 ዓመት ከአልጋ ሳይወርድ ቆይቶ ድንገት የሚጨፍረው ሽማግሌ ማን ነው?

ማርቆስ_ማታ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ደብረ ማርቆስ እንደ ልማዷ ዝናቧን ስታወርደው፣ መብራቱም በተአምር ስላልጠፋ፣ ልጄን ላስተኛ ብዬ ከአረብ ቻናሎቹ በአንዱ የድሮ የልጆች ፊልም ከፈትኩላት። የቸኮሌት ፋብሪካው ነው፤ አዲሱ ሳይሆን በፈረንጅ 1971 የወጣው። አራት አያቶች አንድ አልጋ ላይ ራስና ግርጌ ሆነው የሚተኙበት። ከአራቱ አንዱ፣ አያት ጆ የሚባለው፣ 20 ዓመት ከአልጋ ሳይወርድ የኖረ ሽማግሌ ነው። የልጅ ልጁ የወርቅ ቲኬቱን ይዞለት ሲመጣ «ልነሳ» ይላል። እግሩ ይብረከረካል። ይወድቃል። እንደገና ይነሳል። ከዚያ ቤቱን ሁሉ እየዞረ ይጨፍራል!

ልጄ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን እግሩን ነበር የማየው። ያ እግር የመድረክ እግር ነው። መብረክረኩ ራሱ ልክ አለው፤ አንድ ርምጃ ቢጨመርበት ይበላሽ ነበር። ይሄ ሰውዬ ሲጨፍር የኖረ ሰው ነው አልኩ ለራሴ።

ስሙን ፈለግኩት። ጃክ አልበርትሰን። ስለሱ ሳነብ «የበርሌስክ ኮሜዲያን ነበረ» ይላል። በርሌስክ ምንድን ነው ብዬ ስልኬ ላይ ብጽፍ፣ ላባ ብቻ የለበሱ ሴቶች ሞሉብኝ። ሚስቴ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን እንዴት እንደደፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ በአንድ አማተር የቲያትር ክበብ ውስጥ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ሁሌም ቀልደኛ ነኝ። ሰካራሙ እኔ፣ ፈሪው ዘበኛ እኔ፣ በሚስቱ የሚመታው ባል እኔ። ዘንድሮ ጠንከር ያለ ድራማ ልናዘጋጅ ተነሳን፤ ልጁ ከጦር ሜዳ የተመለሰለት አባት አለበት፣ ከልጁ ጋር መነጋገር ያቃተው። ያንን አባት ልሁን አልኩ። አዘጋጃችን ሳቀ። «አንተ ስትወጣ ሕዝቡ ገና አፍህን ሳትከፍት ነው የሚስቀው፤ አንተን ይዤ ማንን ላስለቅስ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅኩም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይሄ ሰው ከእንደዚያ ያለ ቤት ወጥቶ እንዴት የምር ተዋናይ ሆነ? ያውም ኦስካር ወስዷል ይላሉ። የምታውቁ ንገሩኝ።


ቡሬ_ቃሪያ፦

ጥያቄህን ትቼ ሚስትህ ምን እንዳለችህ ማወቅ ነው የፈለግኩት 😂

ለነገሩ አዘጋጁ አያውቅም። በኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ማን ነው የሚፈለገው? ቀልደኛው አይደል? ሐዘንተኛውን እህል የሚያስቀምሰው እሱ ነው።


የድሮ_ቪዲዮ_ቤት፦

ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ ሳይ እንቅልፌ ጠፋ። እኔ በ80ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ያን ጊዜ ደንበኛ ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አክተሩ ማነው?» አክተር ማለት ለኛ የማይሞተው ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ለመመታት የመጣ ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ ስለምውል ዓይኔ ወደ ሌሎቹ መሄድ ጀመረ። ወደ ፖስተኛው፣ ወደ አስተናጋጁ፣ ወደ ባለጋራዡ። አንድ ፊት በአስር ፊልም ውስጥ አየዋለሁ፣ ስሙን ግን አላውቀውም። ፈረንጆቹ እንዲህ ዓይነቱን ካራክተር አክተር ይሉታል። አልበርትሰን ከነዚህ አንዱ ነበር።

ታሪኩን ልንገርህ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

በ1907 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሞልደን በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከሩሲያ የመጡ አይሁዶች ናቸው። አባቱ ጥሎ ሄደ። እናቱ ጫማ ፋብሪካ እየሰራች አሳደገችው። ታላቅ እህቱ ሜብልም ኋላ ላይ ተዋናይ ሆናለች፤ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር ማለት ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ ትቶ ዳንስ ይዞ ኒው ዮርክ ገባ።

ማደሪያ አልነበረውም። በክረምት አምስት ሳንቲም ከፍሎ የምድር ባቡር ውስጥ ይገባና ባቡሩ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ተኝቶ ያድራል። ኪሱ ውስጥ ከዚያች አምስት ሳንቲም በላይ አይዝም ነበር፤ የተኛ ሰው ኪስ በምላጭ የሚቀዱ ሌቦች ነበሩና። በበጋ ደግሞ መናፈሻ ውስጥ ነው የሚያድረው። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ከዋሸራ ጎንጅ የሚዞረው። ልዩነቱ ያኛው ውሻ ነው የሚፈራው፣ ይሄኛው ምላጭ።

የመጀመሪያ ስራው ከሴቶች የዳንስ ቡድን ጋር አገር ለአገር መዞር ነበር። ከዚያ በርሌስክ ገባ። እዚያ ከፊል ሲልቨርስ ጋር ተጣመረ። ፊል ሲልቨርስ በኋላ በቴሌቪዥን ቢልኮ የሚባለውን አጭበርባሪ ሳጅን ሆኖ አሜሪካን ያሳቀ ሰው ነው። አሳቂው ሲልቨርስ ነው፤ አልበርትሰን አጠገቡ ቆሞ ቃል የሚያቀብል ነበር። በርሌስክ ምን እንደሆነ የቲያትር ሰዎች ይንገሩህ፤ እኔ ፊልሙን ነው የማውቀው።

ፊልም ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ ማንም አላየውም። 1947 በወጣ የገና ፊልም ላይ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለይ ሰራተኛ ሆኖ ይታያል። አንድ ሽማግሌ የገና አባት እኔ ነኝ በማለቱ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ፖስታ ቤቱ ደግሞ ልጆች ለገና አባት በላኩት ደብዳቤ ታጭቋል። «እዚያ ፍርድ ቤት ላሉት ሰውዬ ለምን አንልክላቸውም?» የሚለው ሐሳብ የመጣለት እሱ ነው። አስበው፤ የፊልሙ መቋጫ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው፤ ስሙ ግን ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያኔ 40 ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት በትንሽ በትንሽ ሚና አለፈ። ፊልም፣ ቴሌቪዥን፣ መድረክ፣ የተገኘውን ሁሉ። ሲልቨርስ በ1951 ብሮድዌይ ላይ፣ የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ማለት ነው፣ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ሙዚቃዊ ድራማ ሲሰራ ጓደኛውን ይዞት ገብቷል። ከበርሌስክ የወጡ ሰዎች እርስ በርስ መጠራራት ያውቁበታል።

አሁን ስማኝ፣ አንተን የሚመለከተው እዚህ ጋ ነው። በ1964 ፍራንክ ጊልሮይ የሚባል ደራሲ ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ቲያትር ጻፈ። አባት፣ እናት፣ ልጅ። ልጁ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ወዳለው ቤቱ ይመለሳል። አባትና እናት የማይነጋገሩ ባልና ሚስት ናቸው። ልጁ ለእናቱ ጽጌረዳ ገዝቶ አባቴ ነው ያመጣልሽ ይላታል፤ በዚያች አበባ ምክንያት የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። አባትየው ደረቅ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ፍቅሩን ማውጣት የማይችል ነው። አንተ ስለ ድራማችሁ ስትጽፍ የሳቅኩት ለዚህ ነው፤ ያው አባት ነው!

ያንን አባት የሰጡት ለበርሌስኩ ሰው ነው። ልጁን የሰራው ያኔ ማንም የማያውቀው ማርቲን ሺን ነው። ቲያትሩ ብሮድዌይ ላይ ከ800 ጊዜ በላይ ታየ፣ በ1965 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፣ አልበርትሰንም በዚያው ዓመት ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወሰደ። በ1968 ፊልም ሆነ። እናትየዋን የሰራችው ፓትሪሺያ ኒል ናት፤ በ1965 ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ለመናገርም ለመራመድም እንደ አዲስ ከተማረች በኋላ የሰራችው የመጀመሪያ ፊልም ነው። አልበርትሰን በዚህ ፊልም ምርጥ ረዳት ተዋናይ ተብሎ ኦስካር ተቀበለ። 61 ዓመቱ ነው። በኛ አገር ጡረታ የወጣ ሰው ማለት ነው።

አንድ የምወዳት ነገር ልጨምርልህ። በዚያ ዓመት ለዚያው ኦስካር ከታጩት አንዱ ጂን ዋይልደር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አንተ ባየኸው ፊልም ላይ የቸኮሌት ፋብሪካው ባለቤት ሆኖ የመጣው እሱ ነው። አሸናፊው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ተሸናፊው ባለፋብሪካ ሆኖ ተገናኙ።

እግሩን ያልከው ልክ ነህ። ፊልሙ ሲቀረጽ 63 ዓመቱ ነበር። ያ መብረክረክ እንደው የመጣ መብረክረክ አይደለም፤ መጨፈር የሚችል ሰው ብቻ ነው እንደዚያ ተሳስቶ መውደቅ የሚችለው።

ይቅርታ አበዛሁት። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የሚሰማኝ ሰው የለም።


ማርቆስ_ማታ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ያው አባት ነው» ያሉኝ ጋ ስደርስ ፀጉሬ ቆመ። ሁለቴ አነበብኩት።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ላባ የለበሱት ሴቶችና ይሄ ምን አገናኛቸው? ቀልደኛው እዚያ ምን ይሰራል?


ጣና_ዳር፦

እኔ ቲያትር ነው የተማርኩት፤ ይሄኛውን ለኔ ተዉት።

በርሌስክ ሲጀመር የሴት ገላ ማሳያ አልነበረም። ቃሉ ማፌዝ ማለት ነው። ትልልቁን ቲያትር፣ ኦፔራውን፣ ባለሥልጣኑን እያስመሰሉ የሚያሾፉበት መድረክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቀስ እያለ ሌላ መልክ ያዘ። ሙዚቃ፣ ዳንስ፣ አጫጭር የቀልድ ጭውውት፣ ከዚያ ልብሷን አንድ በአንድ የምታወልቅ ሴት፣ እንደገና ቀልድ፣ እንደገና ሴት። በ1930ዎቹ በጣም የታወቁት የሚንስኪ ወንድማማቾች ቤቶች ናቸው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ። አልበርትሰንና ሲልቨርስም ሚንስኪ ቤት ነው የሰሩት። የኢኮኖሚ ድቀቱ የኪሱን ሳንቲም ያራገፈበት ሰው ርካሽ ቲኬት ቆርጦ የሚገባበት ቦታ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ታዳሚው ወንድ ነው። የመጣው ሴቶቹን ለማየት ነው። አንተ ቀልደኛው ግን በሁለቱ ሴቶች መሀል ነው የምትወጣው። ማንም አልፈለገህም። «ውረድ!» የሚለው አለ፣ የሚያንኮራፋው አለ። በቀን ደጋግመህ ትወጣለህ፣ ሳምንቱን ሙሉ። እነዚህን ሰዎች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልያዝካቸው ሄደዋል። ከዚህ የባሰ ትምህርት ቤት የለም። ከዚህ የተሻለም የለም፤ እኔ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ የተማርኩትን እነሱ በአንድ ክረምት ነው የጨረሱት።

ቀልዶቹ ደግሞ የማንም አልነበሩም። ተጽፈው አይቀመጡም። አንዱ ከአንዱ እየሰማ ይይዛቸዋል፣ እንደገና ይቆርጣቸዋል፣ ይጨምርባቸዋል። አቦትና ኮስቴሎ የሚባሉትን ጥንድ ቀልደኞች ያያችሁ ካላችሁ፣ ያች የቤዝቦል ተጫዋቾቹን ስም እየጠሩ የማይግባቡባት ታዋቂ ጨዋታቸው ከዚያው ከበርሌስክ ክምችት የመጣች ናት። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም። ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ብትሰጡት ግማሹ የሱ ነው፣ ግማሹ የአባቱ ነው፣ ሌላው ትናንት ማታ ሰካራም የሰጠው ነው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃልም እንጀራቸው ነበር፤ ላይ ላዩን ስለ ጎመን የሚያወራ፣ ውስጡ ሌላ። ሰምና ወርቅ እንዳልላቸው ግን የጎጃም መሪጌቶች ይረግሙኛል። የነሱ ወርቅ ሁሌ ከወገብ በታች ነበር።

አሁን ዋናው። ጥንዶቹ ውስጥ አንዱ አሳቂ ነው። ሱሪው ሰፊ፣ ኮፍያው የተጣመመ። ሌላው ልብሱን በደንብ የለበሰ፣ የማይስቅ፣ የሚጠይቅ፣ የሚገስጽ ነው። እኔ አቀባይ እለዋለሁ። ሕዝቡ የሚያስታውሰው አሳቂውን ነው። ነገር ግን ቀልዱ የሚቆመው በአቀባዩ ነው። ጥያቄውን ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ከጠየቀ ቀልዱ ይሞታል። ሳቁ ሳያልቅ ከተናገረ ቀጣዩ አይሰማም። ስራው ምንድን ነው ብትሉኝ ማዳመጥ ነው። ያንኑ ቀልድ ለሺኛ ጊዜ ሲሰማ መጀመሪያ እንደሰማው ሆኖ ማዳመጥ።

አልበርትሰን ያ ነው። አቀባይ ነው። ስለዚህ አንተ «ከቀልድ እንዴት ወደ ቁም ነገር ተሻገረ?» ስትል ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተጣመመ ይመስለኛል። አልተሻገረም። ሳይስቅ መቆምና አጠገቡ ያለውን ሰው ማዳመጥ ነበር የተማረው፤ ያንን ይዞ ብሮንክስ ያለው አባት ዘንድ ሄደ። የማይናገር አባት ማለት እኮ የሚያዳምጥና መልሱን የሚውጥ ሰው ነው።

ማየት ከፈለግክ 1972 የወጣውን የተገለበጠውን መርከብ ፊልም እየው። ሼሊ ዊንተርስ ሚስቱ ናት። ውሃ ውስጥ የተያዘውን ቄስ ለማዳን ጠልቃ ትዋኝና ልቧ አልችል ብሎ ትሞታለች። እሱ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ምንም ማለት ይቻላል። አይጮህም፣ ፀጉሩን አይነጭም። አጠገቧ ይቀመጣል፣ መሄድ አይፈልግም፣ በቃ። እኔ ተማሪዎቼን ያንን አሳያቸዋለሁ፤ ምክንያቱም በኛ ቲያትር ሐዘን ማለት ደረት መምታት ሆኖ ቀርቷል።

እዚያው መርከብ ላይ ደግሞ ሬድ በተንስ አለ። እሱም ከሚንስኪ ቤት የወጣ ቀልደኛ ነው። የእውነት ስሙ አሮን ችዋት ነው፤ በ16 ዓመቱ አንድ መጠጥ ቤት ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ሲሰራ ፀጉሩ ቀይ፣ የዩኒፎርሙ ቁልፎች የሚያብለጨልጩ ስለነበሩ «ቀይ ቁልፎች» ብለው አወጡለት። እሱም ኦስካር አለው። በ1957 በወጣ ፊልም ጃፓናዊት ያገባ የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደር ሆኖ ነው ያገኘው፤ መጨረሻው እጅግ መራራ ነው። አንድ የሰጠመ መርከብ ውስጥ ሁለት የበርሌስክ ቀልደኛ፣ ሁለት ኦስካር።


ደጀን_መውጫ፦

እኔ ትንሽ ውሃ ልቸልስበት። የተሳካላቸውን ሁለት ሰው ጠርታችሁ ይሄን ወንድማችንን አታስጎምጁት። ስንቱ ነው እዚያው ሚንስኪ ቤት የቀረው? ከንቲባው ላ ጋርዲያ በ1937 ፈቃዳቸውን አላድስም ብሎ አብዛኛውን በር ዘጋባቸው፤ በ1942 ደግሞ ጨርሶ ጠፉ። ከዚያ ሁሉ ቀልደኛ ፊልምና ቴሌቪዥን የደረሰው ጥቂት ነው።

ፊልም የደረሰውም ቢሆን። ራግስ ራግላንድን ተመልከቱ። ከኬንታኪ የመጣ፣ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ ቦክሰኛ የነበረ፣ ሚንስኪ ቤት ስመ ጥር የሆነ። ኤም ጂ ኤም የሚባለው የፊልም ኩባንያ ወሰደው። ምን አደረገው? ደደቡ ግዙፍ ሰውዬ አደረገው። በሁሉም ፊልም ደደቡ ግዙፍ ሰውዬ። በ1946 ሞተ፣ 41 ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው። ያን ሰው ከልጁ ጋር መነጋገር ያቃተው አባት ሁንልን ያለው ማንም የለም።

በርት ላር ደግሞስ? እሱም በርሌስክ ነው ያደገው። በ1939 በኦዙ ጠንቋይ ፊልም ፈሪው አንበሳ ሆነ፣ ዓለም ሁሉ አወቀው። ከዚያ ሆሊውድ ምን ሰጠው? ብዙም የለም። ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1956 ማያሚ ላይ ያንን ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው የሚጠብቁበትን ቲያትር ሲሰራ፣ የሳቅ ቲያትር እየተባለ ስለተለጠፈ ሕዝቡ አንበሳውን ብሎ መጣ። በእረፍት ሰዓት ብዙው ወጥቶ ሄደ። የማርቆሱ አዘጋጅ የፈራው ይሄን ነው፤ ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም።


ጣና_ዳር፦

@ደጀን_መውጫ የጀመርከውን ጨርሰዋ! ያው ላር እኮ በዚያው ዓመት ያንኑ ቲያትር ይዞ ኒው ዮርክ ገባ፣ አወደሱት። ማያሚ የተበላሸው በሱ ትወና አይደለም፤ በማስታወቂያው ነው። ሰው ሰርግ ነው ብለህ ጠርተህ ለቅሶ ብታስቀምጠው ይነሳል።

ራግላንድ ላይ ግን ልክ ነህ። እሱ ያሳዝነኛል።


የድሮ_ቪዲዮ_ቤት፦

ደጀኔ እውነት አለው። አልበርትሰንም ቢሆን በ50 ዓመቱ ተስፋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን አንጠራውም ነበር። ዕድል አለበት፤ ያች ቲያትር ባትጻፍ ምን ይሆን ነበር?

ግን ዕድሉ ሲመጣ ቀልዱን አልጣለውም፣ እሱን ነው ልላችሁ የፈለግኩት። ኦስካሩን ይዞ «ከእንግዲህ የምር ሰው ነኝ» አላለም። በ1972 መጨረሻ ላይ ኒል ሳይመን በጻፈው ቲያትር ብሮድዌይ ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የመድረክ ቀልደኛ ሆነ። 43 ዓመት አብሮት ከሰራው ጥንዱ ጋር የተኳረፈ። የራሱን ሕይወት ነው እንግዲህ የሰራው። ከ1974 እስከ 78 ደግሞ በቴሌቪዥን ምስራቅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጋራዥ ያለው ነጭናጫ ሽማግሌ ሆኖ፣ ፍሬዲ ፕሪንዝ ከሚባል ወጣት ቀልደኛ ጋር ሰራ። እዚያ እንደገና አቀባይ ነው! ወጣቱ ያስቃል፣ ሽማግሌው ይነጫነጫል። በ1976 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት የወሰደው በዚያ ነው። ፕሪንዝ በ1977 ጥር ላይ ገና በ22 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ፤ ያለ እሱ ድራማው ብዙም አልቆየ።

በ1978 ካንሰር እንዳለበት ነገሩት። ዝም ብሎ መስራቱን ቀጠለ። በ1981 በወጣው የቀበሮና የውሻ የካርቱን ፊልም የቁጡው አዳኝ ድምፅ የሱ ነው። ልጅህ ያንንም ትወደዋለች። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ በ74 ዓመቱ አረፈ።

አዘጋጁን ደግሞ አትቀየመው። «እሺ በለኝ» ብለህ ከምትለምነው ስራህን አሳየው።


ቡሬ_ቃሪያ፦

ኧረ ጋሼ፣ የሚሞቱበትን ቀን ባትነግሩን ምን ነበረበት፣ አሁን ገና ወድጄው ነበር።


ማርቆስ_ማታ፦

ሳምንት ሆነኝ፣ ልመለስ ብዬ ነው።

ትናንት ልምምድ ነበረን። አባቱን የሚሰራው ሰውዬ ፈረቃ ገብቶ ቀረ። አዘጋጁ «በል አንተ ዝም ብለህ አንብብለት፣ ልጁ የሚለማመድበት እንዲያገኝ» አለኝ። ልብ በሉ፣ አቀብል ነው ያለኝ። ጣና ዳር፣ አንቺን አስታወስኩ።

ስነሳ እንደተለመደው ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ላሳቃቸው ፊቴን ላጣምም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ተውኩት። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆምኩ። ብዙ ጊዜ ቆየሁ መሰለኝ፣ ሰዉ መተያየት ጀመረ። ከዚያ ልጁ የራሱን ቃል አለ። «አባባ፣ ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?» ነው የሚለው። የኔ መልስ «ደርሶኛል» ናት፣ አንዲት ቃል። ወትሮ ብሆን ቶሎ ነበር የምላት። ልጁን አየሁት። የምር አየሁት፤ ጫማው ጭቃ ነበር፣ ከውሃ መውረጃው ሰፈር በእግሩ ነው የሚመጣው። ጫማውን አይቼ፣ ቆይቼ፣ «ደርሶኛል» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ማንም አላለቀሰም ደግሞ፣ አላጋንንም። ልጁ ግን ቀጣዩ ቃሉ ጠፋበት፤ ወረቀቱን አየ።

አዘጋጁ ምንም አላለኝም። ስንወጣ በር ላይ «ሐሙስ ደግመህ ታነብለት የለ?» አለኝ። ያኛው ሐሙስ ፈረቃ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ጋሼ፣ ያቺን የጽጌረዳዋን ፊልም ከየት ላገኛት እችላለሁ? ከሐሙስ በፊት ላያት እፈልጋለሁ።


የድሮ_ቪዲዮ_ቤት፦

ካሴቷ አለችኝ፣ ከዕቃዬ ሁሉ እሷን አልሸጥኳትም። ማጫወቻው ነው የሌለኝ። አዴት ወይም ሞጣ የድሮ ማጫወቻ ያለው ሰው ካለ እዚህ ይጻፍልን፤ ካሴቷን በማርቆስ አውቶብስ ዛሬውኑ እልካለሁ።


ቡሬ_ቃሪያ፦

አጎቴ ቡሬ አላቸው። የሚሰራ አይመስለኝም፣ ዶሮ እላዩ ላይ ነው የምታድረው። ነገ ከፍቼ አየዋለሁ።